የታችኛው መስክ ዜሮ

ዊላ ስታክፖል ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በታችኛው መስክ የድንጋይ ካብ ሥር ሞታ ተገኘች። ያገኘቻት ታላቅ እህቷ ቤሪል ናት። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ሊነጋጋ ሲል አባርቶ ነበር፤ ከካቡ ወዲያ ያለው ረጅም ሣር ውሃ ተሸክሞ ተጋድሟል። ዊላ የተኛችው ግን ከካቡ ወዲህ፣ በመንገዱ በኩል፣ ሣሩ በታጨደበት ዳርቻ ላይ ነው። ጭንቅላቷ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ደሟ ካቡ ላይ አለ። ቀኝ እጇ የአንድ ነጭ ጨርቅ ገመድ ይዟል።

ያንን ጨርቅ በከተማችን በኦስፕሪ ኔክ የማያውቀው የለም። ዊላ ከመምህርነት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ መዥገር መቁጠር ነበር። ሰፊ ነጭ ጨርቅ ዱላ ላይ ታስርና በሣሩ ላይ ትጎትታለች፤ ከዚያ ገልብጣ ጨርቁ ላይ የወጡትን ትቆጥራለች። ከሰሊጥ የምታንስ ፍጥረት ፍለጋ መስክ ለመስክ የምትዞር ሴትዮ እያልን ስንት ጊዜ ስቀንባታል! ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ፤ አልክድም።

ዶክተር ኤልደን ፔል የከተማችን ሐኪም ነው፤ የአውራጃውም አስከሬን መርማሪ እሱው ነው። እዚያው ካቡ አጠገብ ቆሞ ወረቀቱን ሞላ። ከመዥገር በሚይዘው ‹ላይም› በተባለ በሽታ የተጎዳ ጉልበቷ ከድቷት ወደቀች፣ ድንጋይ መታት፣ አደጋ ነው ብሎ ጻፈ።

ቤሪል ያንን ስታነብ እንባዋ ደረቀ። ይኸው ሰውዬ ነው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እህቷን «ምንም በሽታ የለብሽም» እያለ ሲመልሳት የኖረው።

«በሕይወቷ ሳለች በሽታ የለባትም አልክ፤ ስትሞት በሽታው ከየት መጣ?» አለችው።

ፔል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቤሪል ቤቷ ገብታ ለስቴቱ ፖሊስ ደወለችና «ሎርና ፕራውቲ ትምጣልኝ» አለች። «ያቺ ፊቷ የወደቀው።»

ሎርና ፕራውቲ የስቴቱ ፖሊስ መርማሪ ናት፤ ኀምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት መዥገር ነክሷት የግራ ፊቷ ሽባ ሆኖ ወደቀ፤ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ቀረ። ግራ ዓይኗ ደህና ስለማይከደን በየሰዓቱ ጠብታ ታደርግበታለች። ጉልበቷ በክፉ ቀን እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋል፤ ያን ጊዜ በዱላ ትሄዳለች። ከሁሉ የሚያበሽቃት ግን ንግግር መሃል ላይ ቃል የሚጠፋባት ነገር ነው፤ ለዚህ ስትል ሁሉን በትንሽ ማስታወሻ ትጽፋለች። አለቆቿ ጡረታ ውጪ ቢሏት «መዥገሯ ደሜን ወሰደች እንጂ መታወቂያዬን አልወሰደችም» ብላ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ዓርብ ጠዋት ሎርናና ቤሪል በቤሪል ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። አደጋ ነው ስለተባለ የሟች ልብስና ጨርቁ በከረጢት ለቤተሰብ ተመልሷል። ሎርና ጨርቁን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በአንድ በኩል ጭቃ ነክቶታል፤ የቀረው ግን እንደ አዲስ አንሶላ ነጭ ነው፣ የእጥፉም መስመር ገና አልጠፋም። ዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። አንድም ቀዳዳ የለውም።

«ሲያገኟት እግሯ ላይ ምን ነበር?»

«አጭር ጫማ። ግራጫ ካልሲ። ሱሪዋ ከላይ ወርዶ።»

«ካልሲው ውስጥ አልተከተተም?»

«አልተከተተም። ኧረ የኔ ነገር! ዊላ እኮ በጋ ከገባ ደብዳቤ ልታወጣ እስከ አጥር ስትሄድ እንኳ ሱሪዋን ካልሲዋ ውስጥ ትከታለች። ‹የብስክሌት ተወዳዳሪ› እያልኩ እስቅባት ነበር።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት መቼ ነው?»

«ረቡዕ ማታ። ተጣልተን ነው የተለያየነው። አልደብቅሽም። ‹ከአገር ሁሉ ጋር አትጋጪ፣ ተይው› አልኳት። ‹ሕመምሽም ቢሆን ግማሹ ስንፍና ነው› አልኳት። ይኸው ነው የመጨረሻ ቃሌ።» የሎርናን ማስታወሻ በጣቷ ነካች። «ጻፊው። ከተጠርጣሪዎቹ አንዷ እኔ ነኝ።»

ሎርና ጻፈችው።

ጠቡ የተነሳው በከተማው ጉባኤ ሰበብ ነው። ቅዳሜ ዊላ ታችኛው መስክ ለካምፕ ልጆች ይዘጋ ብላ ሐሳብ ልታቀርብ ነበር። ሰኞ ስድሳ ልጆች መጥተው እዚያ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ። በማስታወሻዋ ላይ «ማክሰኞ፣ ፀሐይ፣ ደረቅ ሣር፣ ታችኛው መስክ፣ መቶ እርምጃ፣ ሠላሳ ስምንት» ብላለች። ቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው የከተማው ወረቀት ግን ስለዚያው መስክ ዜሮ ይላል፤ አልፎ አልፎ አንድ፣ ሲበዛ ሁለት። የላይኛውን መስክ የምትቆጥረው ዊላ ስትሆን፣ ይኼንን የሚሞላው አጋዥዋ ራስል ኒከርሰን ነው።

«ሰኞ ከመድረሱ በፊት ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው እውነት እንደሆነ ማወቅ አለብን» አለች ሎርና።

ከዚያ ከቤሪል ጋር ዊላ ቤት ሄዳ የዕቃ ማስቀመጫዋን አየች። ምስማር ላይ ሌላ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ አረንጓዴና ግራጫ የሆነ፣ ዳሩ የተተለተለ፣ ዱላው በእጅ ብዛት የለሰለሰ።

«ስንት ነበራት?»

«ሁለት ሰፋች፤ የዛሬ ሦስት ዓመት። አንዱ የሷ፣ አንዱ የራስል።»

ከዚያ ዶክተር ፔል ዘንድ ሄደች።

«ሐሙስ ጠዋት ጉልበቷ እንደከዳት በምን አወቁ ዶክተር?»

«ገምቼ። ዱላ ተደግፋ ስትሄድ ሁሉም ያያታል።»

«ጉልበቷን ያመመው ምን ነበር?»

ፔል መነጽሩን አወለቀ። «ሲጀምር መዥገር በነከሰው ቦታ የሚወጣው ክብ ቀይ ምልክት አልወጣባትም። የመጀመሪያው የደም ምርመራዋም ምንም አላሳየም። ጭንቀት ነው አልኩ። ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚለው።»

«ምልክቱ የማይወጣበት ሞልቷል። ቶሎ የተመረመረ ደግሞ ደሙ ላይ ላይታይ ይችላል። ፊቴ እስኪወድቅ ድረስ የኔም በሽታ ስሙ ጭንቀት ነበር፤ አንዱ ሐኪም እንዲያውም ‹ባል አግቢ› ብሎኛል።»

«አገቡ?»

«ሐኪም ቀየርኩ።»

ፔል ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ። ሐሙስ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክሊኒኩ ውስጥ እንደነበር ነርሷ መሰከረች።

ዴክስተር ክሮዌል የልጆቹ ካምፕ ባለቤት ነው። ሎርና ስትደርስ በቁምጣ ሆኖ በታችኛው መስክ እስከ ወገቡ በሚደርስ ሣር መሃል ድንኳን ይተክላል።

«ስለዚያች ሴትዮ ከሆነ አዝናለሁ፤ ነፍሷን ይማር» አለ መዶሻውን ሳይጥል። «ግን እንደ መዥገር ነው የተጣበቀችብኝ። በየሳምንቱ ደብዳቤ! የራሷ ወረቀት ዜሮ እያለ!»

«ወረቀቱን ያምኑታል?»

«ልጄን እዚህ ያሳደርኳት እብድ ስለሆንኩ ነው? ያለፈውን በጋ ሙሉ እዚህ ድንኳን ውስጥ ነው የተኛችው!»

ልጅቷ ቲሊ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የካምፑ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ በረዶ ይዛለች። ሎርና የራሷን ጉልበት እየደገፈች አጠገቧ ተቀመጠች።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ትምህርት ሲከፈት። አንዴ ያብጥና ይተወኛል፣ ደግሞ ይመጣል። ዶክተር የዕድገት ሕመም ነው አለ። አባዬ ደግሞ ሩጫ ስለማልወድ ነው ይላል።» የሎርናን ፊት ትክ ብላ አየችው። «አንቺንስ ምን ሆነሽ ነው?»

«መዥገር።»

«ያምማል?»

«ያናድዳል።»

ቲሊ ሳቀች። ዴክስተር ሁለቱን አየና መዶሻውን አስቀመጠ። ሐሙስ ጠዋት የት እንደነበር ሲጠየቅ «እዚሁ ካምፑ ቤት፣ ብቻዬን» አለ። ምስክር አልነበረውም።

ራስል ኒከርሰን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ያደረሰልን ሰው ነው፤ ስለ እሱ ክፉ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ግቢው ከአጥር እስከ በረንዳ በጠጠር የተሞላ ነው፤ አንድ ዘለላ ሣር አይታይበትም። ሎርናን በብሉቤሪ ኬክ ተቀበላት።

«ብዪ እንጂ ልጄ። መንምነሻል።»

«አመሰግናለሁ አቶ ራስል። ዊላ ሐሙስ ጠዋት ለምን የወጣች ይመስልዎታል?»

«ልትቆጥር ነዋ! ሐሙስ የቆጠራ ቀናችን ነው፤ ዝናብ ይዝነብ፣ በረዶ ይውረድ፣ አይቀርም። እኔም አንድ ሐሙስ ጎድዬ አላውቅም። ፖስተኛ ዝናብ ይፈራል?»

ሎርና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ቀና ስትል ቃል ጠፋባት። «የእርስዎ ያ... ያ የሚጎተተው...»

«ጨርቁ?» አላት ራስል በርኅራኄ። «አይዞሽ፣ ዊላም እንዲህ ያደርጋት ነበር።»

«አዎ፣ ጨርቁ። የት አለ?»

«ባለፈው ሳምንት ለሷ መለስኩላት። ብዙ ጎትቼው ተቀደደ፤ ትስፋልኝ ብዬ።»

«ሐሙስ ጠዋትስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ሬዲዮ ስሰማ።»

ኬኩን ጨርሳ ተነሳች። ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱ ገብታ የሁለቱን መስኮች ወረቀት ጎን ለጎን ስታነብ ዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉባኤው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ አራቱን ሰዎች ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። ዊላ በየሳምንቱ የላይም ታማሚዎችን ስታወያይ የኖረችው እዚያ ነው። ቤሪል ፊት ተቀመጠች፤ ፔል በሩ አጠገብ፣ ዴክስተር እጁን አጣምሮ፣ ራስል ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ። የከተማው ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ሎርና ጠብታዋን ዓይኗ ውስጥ አደረገች፤ ቸኩላም አታውቅ።

«ዶክተር ዊላ ለቆጠራ ወጥታ ጉልበቷ ከዳት ብለዋል። ጉልበቷን ተዉትና ከመጀመሪያው እንነሳ። ዊላ ለቆጠራ አልወጣችም። ሱሪዋ ካልሲዋ ውስጥ አልተከተተም። ሣር ውስጥ ልትገባ ያሰበች ዊላን እንዲህ ሆና ያያት ሰው አለ?»

ቤሪል ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ሁለተኛው ዝናቡ ነው። ሣር በረጠበ ጠዋት መዥገር አይቆጠርም። ጨርቁ ውሃ ይጠጣል፣ እነሱም አይያዙበትም፤ የተገኘው ቁጥር ዋጋ የለውም። ዊላ ዝናብ በጣለባቸው ሐሙሶች ሁሉ ‹ዝናብ፣ አልተቆጠረም› ብላ ጽፋለች። እንግዲህ ያንን ገመድ እጇ ውስጥ ያስገባው ሌላ ሰው ነው፤ ይኼንን ሕግ የማያውቅ ሰው።»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለ ዴክስተር።

«አውቃለሁ። ከእርስዎ ነው ቀጥዬ የምመጣው። ገዳዩ ዊላ ስትቆጥር የሞተች እንድትመስል ፈልጓል። ታዲያ ለምን በታጨደው ዳርቻ፣ በመንገዱ በኩል ተዋት? እዚያ ማን ጨርቅ ይጎትታል? አራት እርምጃ ካቡን ተሻግሮ ጨርቁን ሣሩ ውስጥ ቢጥለው ኖሮ ግማሹ ጥርጣሬዬ ይጠፋ ነበር። አልተሻገረም። አቶ ዴክስተር በቁምጣ ሣሩ መሃል ይውላሉ። እሳቸው ቢሆኑ ይሻገሩ ነበር። ወይዘሮ ቤሪልም ያንን መስክ አቋርጠው ነው በየጠዋቱ ወደ እህታቸው የሚሄዱት። ዶክተር ክሊኒክ ነበሩ። ያልተሻገረው ሣሩን የሚፈራ ሰው ነው።»

ከከረጢቱ ሁለቱን ጨርቆች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረቻቸው።

«ይኼ የዊላ ነው፤ ከዕቃ ማስቀመጫዋ ምስማር ላይ ያገኘሁት። ሦስት ዓመት የተጎተተ ጨርቅ እንዲህ ይሆናል። ይኼ ደግሞ እጇ ላይ የነበረው ነው። ነጭ። ጭቃው የሐሙስ ጠዋት ነው፤ ከዚያ በቀር አንድ የሣር ምልክት የለበትም። እጥፉ እንኳ አልተፈታም። በከተማው ያሉት ጨርቆች ሁለት ናቸው። አቶ ራስል፣ ብዙ ጎትቼው ተቀደደ አሉኝ። እስቲ ቀዳዳውን ያሳዩኝ።»

ራስል ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ያሽከረክር ጀመር።

«ዘንድሮ ብቻ ዝናብ በጣለባቸው አራት ሐሙሶች ታችኛውን መስክ ቆጥሬ ዜሮ አገኘሁ ብለዋል። ፖስተኛ ዝናብ አይፈራም፤ እውነት ነው። መዥገር ቆጣሪ ግን ዝናብ ሲጥል ቤቱ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ እንኳ ሣሩ ውስጥ ጨርቅ ጎትተው ቢሆን ኖሮ ያውቁት ነበር።»

«አንድ ጊዜ ሄጃለሁ» አለ ራስል። ድምጹ ለመሰማት ያስቸግራል። «በመጀመሪያው ሐሙስ። ጨርቁን ሳልፈታ ሱሪዬ ላይ አምስት አየሁ፤ ወደ ላይ ሲወጡ። ከዚያ ወዲያ እግሬ እምቢ አለኝ። ለማን ልንገር? ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ውሻ ያልፈራ ሰው ከሰሊጥ ሸሸ ልበል? ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። አንዴ ከጻፍኩት በኋላ... የሚቀጥለው ሐሙስ ይመጣል።»

«ዊላስ?»

«ማክሰኞ ራሷ ቆጠረችው። ወረቀቶቹን አመሳከረች፤ እስከዚያ ድረስ ታምነኝ ነበር። ሐሙስ በማለዳ ጨርቅህን ይዘህ ካቡ ጋ ና አለችኝ። ካቡ ላይ ዘረጋችውና እጥፉን አየች። አልጮኸችብኝም። ‹ቲሊ እኮ እዚያ ነው የተኛችው፣ ራስል› አለችኝ። ቅዳሜ ለሁሉም እናገራለሁ አለች። ቢያንስ ስሜን ተይው ብዬ ክንዷን ያዝኩ። ልትሄድ ታገለች። ገፋኋት። እኔ እንድትሞት አልፈለግኩም።»

«ይኼንን አምንዎታለሁ» አለች ሎርና። «ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ግን አስበው ነው ያደረጉት። ሮጠው ሰው አልጠሩም። ገመዱን እጇ ውስጥ አስገብተው በሽታዋ ገደላት እንዲባል ተዉት፤ ማንም እንደማይጠይቅ ስለሚያውቁ። ለምን ይጠይቃል? ዱላ የያዘች ሴትዮ ናት፣ ትወድቃለች።» የተደገፈችውን ዱላ አንስታ ወለሉን መታችው። «እኔም ዱላ ይዣለሁ። ፊቴ ወድቋል፣ ቃል ይጠፋብኛል፣ ጉልበቴ ዛሬም አብጧል። ዓይኔ ግን ያያል! እዚህ ምድር ቤት የሚሰበሰቡት ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ማንም ወንጀሉን በእኛ በሽታ ላይ ጥሎ አይሄድም።»

ፖሊሱ ራስልን ክንዱን ይዞ አስነሳው። ዴክስተር ከወንበሩ ሲነሳ በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ሽማግሌውን ሊመታው ነው ብለው ፈርተው ነበር፤ በኋላ እሱ ራሱ እንደነገረኝ እጁ ተነስቶም ነበር። ነገር ግን ወደ ፔል ዞረ።

«የዕድገት ሕመም ነው አልከኝ።»

«ዛሬውኑ አምጣት» አለ ፔል። «ደሟን አያለሁ።»

«ደሟን ከማየትህ በፊት የምትነግርህን ስማት» አለ ዴክስተር። «እኔም አልሰማኋትም።»

ፎቅ ላይ ጉባኤው ሲጀመር የዊላን ሐሳብ ያነበበችው ቤሪል ናት። «መስኩ ይዘጋ የምትሉ» ሲባል መጀመሪያ የወጣው የዴክስተር እጅ ነበር። የኔን ያወጣሁት ዘግይቼ ነው። ሰኞ የመጡት ልጆች ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አደሩ።

ጉባኤው ሲበተን ፔል ቤሪልን ደረጃው ላይ ጠበቃት። አዲስ የሞት ወረቀት በእጁ ይዟል። አብሮ አደጎች ናቸው፤ እንደዚያም ሆኖ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሰው ገፍቶ ገደላት በል።»

ጻፈ።

«ቀጥል። የላይም በሽታ ነበረባት በል። ዐሥራ አንድ ዓመት የነፈግካትን።»

ብዕሩ ጥቂት ቆመና ጻፈ።

«አብራው ኖረች እንጂ አልሞተችበትም በል።»

«ቤሪል፣ ለእሱ እኮ ቅጹ ላይ ቦታ የለም።»

«ጠርዙ ላይ ጻፈው» አለችው፤ ጽፎ እስኪጨርስም ከአጠገቡ አልራቀችም።